የጋሽ ላቀው ስእለቶች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም፣ ዓለም ከተማ ባለችው የማኅበራችን ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ስጽፍ ስልኬ ጠራ። "ጋሽ ላቀው አረፉ" አለኝ ታደለ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ "ነፍስ ይማር" ይላል፣ ወይም ያለቅሳል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን "ዛሬ?" የሚል ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ምናልባት እኚያ ሰው የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ለእኔ በማይመች ቀን ስለሚሆን ይሆናል። እንባዬ የመጣው ቆይቶ ነው፤ እሱም ከንዴት ጋር ተደባልቆ።

ስለ ጋሽ ላቀው ደግ ደጉን ብቻ እንድጽፍ የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ቆሽቴን ሲያሳርሩ የከረሙትን ሰው ሞቱ ብዬ መልአክ ላደርጋቸው አልችልም። እሳቸውም ቢሆኑ አይወዱትም። ሰው ፊት ለፊት ሲያመሰግናቸው "ምን ልትለምነኝ ነው?" ይሉ ነበር።

እኛ ዘጠኝ ነን። ሁላችንም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን፣ ሥራ አጥተን፣ ዓለም ከተማ የወላጆቻችንን ደጅ ስናሞቅ የኖርን ነን። ተደራጁ ሲባል ተደራጀን። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አፋፍ ላይ ያለች አንዲት ኮረብታ ተሰጠችን። ኮረብታዋ በሆዷ ነጭ ጀሶ ድንጋይ ይዛለች። ከጀሶው በላይ ግን የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ቀይ አፈር ተጭኗል። ድንጋዩን ለማግኘት መጀመሪያ አፈሩን ማንሳት ያስፈልጋል። ኤክስካቫተር እንዳናስመጣ መንገዱ አህያ እንኳ በጸሎት የሚያልፍበት ነው፤ ይጠረጋል የተባለውም ለከርሞ ነው። በአካፋ እንጀምረው ብንል ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ይጨርሱታል። ፈቃዱን የሰጠን መሥሪያ ቤት "እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አፈሩን አንሥታችሁ ድንጋዩን ገልጣችሁ ካላሳያችሁ ኮረብታው ለሌላ ማኅበር ይተላለፋል" ብሎ አስጠንቅቆናል። ያ ማለት ለዘጠኛችንም ወደ ወላጆቻችን ደጅ መመለስ ማለት ነው።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተማርኩት የማዕድን ትምህርት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም አፈርን በውሃ ኃይል ስለማንሳት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከኮረብታው በላይ ካለው ምንጭ ውሃውን በቦይ ስቦ አናቱ ላይ በተቆፈረ ኩሬ ማጠራቀም፤ ከኩሬው ወፍራም ቱቦ ቁልቁል መዘርጋት፤ ቱቦው ጫፍ ላይ ጠባብ የብረት አፍ መግጠም። ውሃው ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወርዶ በዚያች ጠባብ አፍ ሲወጣ እንደ ጅራፍ ነው። አፈሩን ይገርፈዋል፣ ይቦረቡረዋል፣ ጭቃ አድርጎ ይዞት ይወርዳል። ጭቃው ከታች በድንጋይ ካብ ባጠርነው ገደል ይዘቅጣል፤ ውሃው ጠርቶ ያልፋል። ነዳጅ የለው፣ ሞተር የለው። ለጓደኞቼ ሳስረዳቸው በጭብጨባ ሊያነሡኝ ምንም አልቀራቸውም።

ውሃው ግን ጌታ ነበረው። በዚያ አገር መስኖ ያለው መንደር ሁሉ የውሃ አባት አለው። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በውሃ ተራ ሲጣላ የሚዳኝ ሰው ማለት ነው። የዚያ መንደር የውሃ አባት ጋሽ ላቀው ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ ሲሄዱ መሬቱን የሚያዳምጡ የሚመስሉ ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በሳምንት አራት ቀን ውሃ ፈቀዱልን፤ ነገር ግን ቦዩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ጋሽ ላቀው ብቻ እንዲሆኑ በውሉ አስገቡ። እኔ ሰብሳቢው ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ጅል!

ኅዳር ላይ ሥራ በጀመርንበት ቀን ቦዩን ከከፈቱ በኋላ ወደ ቁፋሮው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በአፈሩ ጠርዝ ላይ ተራመዱ፤ ዘንጋቸውን አፈሩ ውስጥ ሰክተው አወጡና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጠርገው አዩት።

"አንተ ልጅ" አሉኝ። ስሜን ነግሬያቸው ነበር። ኢንጅነር መሆኔንም ነግሬያቸው ነበር። እስከ መጨረሻው "አንተ ልጅ" ነኝ።

"አቤት ጋሼ።"

"ይኸን አፈር ከሥሩ አትብሉት። ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። ደግሞ ሁለት ቀን ካጠባችሁት አንድ ቀን ይረፍ። ውሃ ሲሄድ ታየዋለህ፤ ሲቀመጥ ግን አታየውም።"

"አያስቡ ጋሼ፣ ይሄ በሒሳብ የሚታወቅ ነገር ነው" አልኳቸውና ደብተሬን ከፍቼ ያሰላሁትን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ደብተሩን በደንብ አዩት።

"ጽሕፈትህ ያምራል" አሉና ሄዱ።

እኛ ከሥሩ ነበር የምንቦረቡረው። ከሥር ሲቦረቦር ከላይ ያለው በራሱ ይናዳል፣ ሥራውም በእጥፍ ይፈጥናል። በሳምንቱ ነገሩን ደግመው አነሡት። ያን ጊዜ የመለሰላቸው ታደለ ነበር፤ በማኅበሩ ውስጥ ከሁላችንም ችኩሉ እሱ ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ውሃውን ይጠብቁ፣ አፈሩን ለእኛ ይተዉት" አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ከኪሳቸው የተቆላ ባቄላ አውጥተው ለእያንዳንዳችን አራት አራት ፍሬ አደሉንና እሳቸውም አብረውን ቆረጠሙ። ከዚያ ወዲያ ስለ አፈሩ ትንፍሽ አላሉም። ተሸንፈዋል ብዬ ነበር።

የበዓሉ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በወሩ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም መሬት እንደማይቆፈር አውቀን ነው የገባንበት፤ እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ችግሩ የማላውቃቸው መምጣት ሲጀምሩ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ላቀው መጥተው ቁፋሮው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቦዩ ደረቅ ነው።

"ጋሼ፣ ውሃውስ?"

"ዛሬ አይከፈትም። የሰፈሩ ስእለት ነው።"

"የምን ስእለት?"

"የበረዶ።"

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር አንድ ዘመን በረዶ ሰብሉን ከመታው የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ አንድ ቀን ይሳላል፤ በዚያ ቀን አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ እንጨት አይፈለጥም። ቀኑን የሻረ ሰው ኋላ በረዶ ቢወርድ የሚሳበበው በእሱ ነው። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ከተጻፈው ግን ይብሳል። ቱቦውን የሚይዙልን ሠራተኞች ከሸለቆው ማዶ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። "በረዶ" የምትለዋን ቃል ሲሰሙ አካፋቸውን ጥለው ተቀመጡ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደመና የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ስለ በረዶ ብለን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሞቅን።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ስእለት መጣ። ከዚያም ሌላ። ከምንጩ ውሃ የምትቀዳ አንዲት ሴት አግኝቼ "እውነት ዛሬ የሰፈሩ ስእለት ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ጋሽ ላቀው ካሉማ ይሆናል" አለችኝ።

"አንቺ እኮ አሁን ሽንኩርት ስትኮተኩቺ አይቼሻለሁ!"

"እኔማ..." አለችና ጀሪካኗን አዝላ ላጥ አለች።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበር። እሑድ እሑድ፣ ሥራ ባይኖርም፣ ኩሬውን ለማየት ወደ ቁፋሮው ስሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው የማልፈው። ከጥር ጀምሮ ሁልጊዜ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤታቸው እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ጋሽ ላቀው ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቆማሉ። በረዶ ፈርቶ ሥራ የሚያስፈታን ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም! ለታደለ ነገርኩት። "ነገርኩህ እኮ፣ ሰውዬው ተንኮለኛ ነው" አለኝ። አመንኩት።

በመጨረሻ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ስእለቶቹን በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ጀመርኩ። ያዝኳቸው! በጥር በዘጠኝ የነበረው ስእለት በየካቲት በአሥራ አንድ ሆኖ መጣ። መቁጠሪያውን ከግድግዳው ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜው ሄድኩና ከፊታቸው ዘረጋሁት።

"ጋሼ፣ ይሄ ስእለት ባለፈው ወር በዘጠኝ ነበር።"

አዩት። "ጳጉሜን ናት የምታዛባው" አሉኝ።

"ጳጉሜን? በየካቲት?"

"የመሪጌታ ልጅ አይደለህ? አባትህን ጠይቅ።"

ጸጉሬን ልነጭ ደረስኩ። እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልኩላቸው። አባቴ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና "እዚያ የምትሠሩት ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ሠራተኞቹ እንደሆኑ ስእለት ተብሏል፣ ዓለም ቢገለበጥ አይነሡም። እኛም ከቆርቆሮዋ መጠለያ ገባን፤ ታደለ ካርታ አወጣ፣ እኔ ግድግዳውን እያየሁ በልቤ የስንብት ደብዳቤ እጽፍላቸው ጀመር።

አራት ሰዓት ገደማ ድምፅ ሰማን። ትልቅ አልነበረም፤ ጤፍ የሞላ ጆንያ ከአህያ ጀርባ ሲወድቅ የሚያሰማውን ዓይነት ነው። ወጣን። አፈሩ በቦታው የለም። ከላይ እስከ ታች ተገንጥሎ ወርዶ፣ ሌላ ቀን ቢሆን ስድስት ሰው ቱቦ ይዞ ከሚቆምባት ቦታ ላይ ተከምሯል። ቱቦው የለም፣ አካፋው የለም። ሠራተኞቹ አማተቡ። "ስእለቱ! ስእለቱ!" ይላሉ። እኔ ጋሽ ላቀውን አየሁ። ፊታቸው አመድ መስሎ በጣታቸው እየቆጠሩን ነው። አንድ ጊዜ ቆጥረው ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩን።

"በሉ ስእለት ነው ተብሏል፣ ወደየቤታችሁ" አሉ ሲጨርሱ፣ ፈንጠር ብለው እየሄዱ። እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ ለማለት ጊዜ አልሰጡንም።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ላመሰግናቸው ይሁን ልጣላቸው አልወሰንኩም ነበር። ከአጥሩ በር ላይ እማማ አስካለ ተቀበሉኝ፤ ተቀበሉኝ ካልነው።

"ምን ቀርቶህ መጣህ?" አሉኝ።

"ጋሼን ላነጋግር ነበር። ዛሬ ነፍሳችንን አተረፉልን። ግን ለምን በግልጽ እንዳልነገሩኝ..."

"አልነገረህም?" አሉና በሩን ይዘው ቀረቡኝ። "የመጀመሪያው ቀን ነግሮህ አልነበር? ምን ብለህ መለስክለት? በል ንገረኝ፣ ምን አልከው?"

ያልኩትን አስታውሳለሁ።

"እኛ ቆራቢዎች ነን" አሉ እማማ አስካለ። "ስንጋባ በቁርባን ተጋባን፤ ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ተለያይተን ቆርበን አናውቅም። እናንተ መጣችሁ። ይኸ ሰው ያልተሳለውን ስእለት ተሳልን እያለ በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ጀመረ። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ገብሬ ሄዶ ተናዘዘ። መምሬም 'አልደግመውም በልና ልፍታህ' አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? 'እነዚያ ልጆች አፈሩን ሳይጨርሱ አልደግመውም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል' አላቸው! ከጥር ጀምሮ ከደጅ ቆሞ ያስቀድሳል። እኔ ብቻዬን እገባለሁ። ሰዉ 'አስካለ፣ ባልሽ ምን ነካው?' ይለኛል። ምን ልበል? ለጀሶ ነው ልበል?"

ያን ጊዜ የተሰማኝን አሁንም በቅጡ መናገር አልችልም። አፈርኩ። ደግሞም ተናደድኩ፤ በእሳቸውም በራሴም። ሰው እንዴት "አፈሩ እርጥብ ነው፣ አትግቡ" ብሎ አንቆ መያዝ ሲችል ነፍሱን ያስይዛል? ግን ቢያንቁኝስ እሰማ ነበር? አልሰማም ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ላቀውን ይዤ መምሬ ገብሬ ዘንድ ሄድኩና "ከእንግዲህ አፈሩ እርጥብ ነው ባሉ ቀን እንቆማለን፤ ስእለት አያስፈልግም" ብዬ ቃል ገባሁ። "አልደግመውም" አሉ ጋሽ ላቀው። በሚቀጥለው እሑድ ከእማማ አስካለ ጋር ወደ ውስጥ ሲገቡ ከሩቅ አየሁ፤ ያን ቀን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ስዘፍን ነው ቁፋሮው የደረስኩት።

መጋቢትን በሰላም አለፍን ብል ግን እዋሻለሁ። ከላይ ወደ ታች ማጠብ ጀመርን፤ ሥራው ቀሰስተኛ ሆነ። እሳቸው ደግሞ ፈቃድ ካገኙ ወዲህ ባሰባቸው። "እርጥብ ነው" ይላሉ። "ጋሼ፣ ድርቅ ብሏል እኮ!" እላለሁ። "ላዩ ነው። ሆዱ እርጥብ ነው።" እስከ ምሳ እንከራከራለን፤ በመጨረሻ እንደ ቃሌ ኩሬውን እዘጋለሁ። አንድም ቀን "አንተ ያልከው ይሁን" አላሉኝም። ያም ሆኖ ነጩ ድንጋይ በየሳምንቱ እየተገለጠ መጣ።

ሚያዝያ ገባ። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ አየና "ጥሩ ነው፣ ያቺ ጉብታ ግን ካልተነሣች አልተገለጠም ነው የምለው" አለን። ጉብታዋ የቀረችው ትልቋ አፈር ናት፤ ከሥሯ ደግሞ ከሁሉም ወፍራሙ ድንጋይ አለ። ሦስት ቀን ያለ እረፍት አጠብናት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ላቀው መጡ።

"እርጥብ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ። ሰዎቹን ራቅ አድርጌ አቆማቸዋለሁ።"

"ቃል ሰጥተኸኛል።"

"ቃሌን አውቃለሁ! ቀን የለንም እኮ! ዛሬ ብቻ ነው የምልዎት!" ጮህኩባቸው። ከዚያም ወደ ታደለ ዞሬ "ክፈተው" አልኩት። ኩሬው ሞልቶ አድሯል፤ ለዚያች ቀን የእሳቸው ቦይ አያስፈልገኝም ነበር።

ጋሽ ላቀው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቱቦውን ወደያዙት ሠራተኞች ተመለሱና "ልጆች፣ ዛሬ የሰፈሩ ስእለት ነው። አይቆፈርም" አሉ።

ቱቦው መሬት ወደቀ። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ታደለ ተሳደበ። ያቺ ቃል ምን እንዳስከፈለቻቸው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሑድ ዕለት ከጽዱ ሥር ቆመው ከሩቅ አየኋቸውና መንገድ ቀይሬ አለፍኩ። ሄጄ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

ከሁለተኛው እሑድ በኋላ ታመሙ። ቦዩን የወንድማቸው ልጅ ይከፍትልን ጀመር፤ ስእለት የሚያውጅ ሰው ስለሌለ እኛም ያለ ከልካይ ሠራን። ፈቃዱ ሊያበቃ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ እማማ አስካለ ሰው ላኩብኝ። ስገባ ጋሽ ላቀው መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ደረታቸው ያጉረመርማል። መምሬ ገብሬ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌ ተቀምጠዋል።

"ከደጅ ቆሞ የአፋፉ ብርድ መታው" አሉኝ እማማ አስካለ።

"ላቀው" አሉ መምሬ ገብሬ፣ ከዚያ በፊትም ሲለምኑ እንደቆዩ ድምፃቸው ያስታውቃል፣ "አልደግመውም በልና ልፍታህ።"

"ልጆቹ አልጨረሱማ።"

"ከመደብ የማትነሣ ሰው ምኑን ትደግመዋለህ?"

"ሰው ልኬም ቢሆን እደግመዋለሁ" አሉ ጋሽ ላቀው። "የማደርገውን አላደርግም ብዬ እርስዎንም ልዋሽ እንዴ አባ?"

መምሬ ገብሬ ትዕግሥታቸው አልቆ ጣሪያውን አዩ። በዚህች ምድር ላይ እንደ እኔ የሚንገበገብ ሌላ ሰው እንዳለ ያን ጊዜ አወቅሁ። እማማ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ላቀው ራሳቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ ጨረሳችሁ?"

ጉብታዋ ብትቀንስም ገና አላለቀችም። ስምንት ቀን አለን፤ በስምንት ቀን ደግሞ ይደረስበታል፣ አስልቼዋለሁ። ሦስቱም ያዩኛል።

"ጨርሰናል ጋሼ" አልኩ።

"ማልልኝ።"

መምሬ ገብሬ መስቀሉን ዘረጉልኝ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ መስቀል ይዞ መማል ምን እንደሆነ ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። "በመስቀሉ፣ ጨርሰናል" አልኩና ተሳለምኩ።

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉኝ። ከዚያ ወደ መምሬ ዞሩ። "አልደግመውም አባ። ይፍቱኝ።"

ከዚያ ቤት ወጥቼ ቀጥታ ወደ ቁፋሮው ሄድኩ። የማልኩትን እውነት ለማድረግ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ሁሉንም ሰብስቤ ሥራው አልቋል አልኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው።

"ለአንድ ሽማግሌ ብለህ የዘጠኝ ሰው እንጀራ ትዘጋለህ?" አለ ታደለ።

"ምያለሁ።"

"አንተ ነህ የማልከው! እኛ አልማልንም!"

እውነቱን ነበር። የቱቦውን የብረት አፍ ፈትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ያለ እሱ ቱቦው የአትክልት ማጠጫ ነው። ታደለ አንገቴን ሊይዝ መጣ፤ ሌሎቹ ገላገሉን። ማክሰኞ ዕለት መርዶው ሲደርሰኝ ስጽፈው የነበረው ደብዳቤ ፈቃዱን መመለሳችንን የሚገልጽ ነበር። ኮረብታዋ ዛሬ የሌሎች ናት። መንገዱም ተጠርጎ ኤክስካቫተር ገብቶላታል፤ ያችን ጉብታ በሁለት ቀን አነሧት አሉ። ከስምንቱ ጓደኞቼ ሦስቱ እስካሁን ሰላም አይሉኝም።

ልናገር የምፈልገው ግን የቅዳሜውን ነው። ጋሽ ላቀው ተፈትተዋል፤ ሊቆርቡ ይገባል፤ መራመድ ግን አይችሉም። መምሬ ገብሬ ተሸክሞ የሚያመጣቸው ሰው ፈለጉ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ከአጥራቸው በር ስደርስ ጓደኞቼ ስምንቱም ቆመዋል። ታደለ ሳይቀር። አላናገረኝም፤ የቃሬዛውን የኋላ እግር ያዘ፣ እኔ የፊቱን ያዝኩ። እማማ አስካለ ነጭ ለብሰው ቀድመውን ሄደዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በቁፋሮው አፋፍ ነው የሚያልፈው። ሌላ መንገድ ብፈልግም አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስና ፀሐይ ሲመታት የከረመችው ጉብታ፣ ቤት የምታህል ቀይ አፈር፣ ማንም ሳይነካት ቆማለች። ጀንበር ወጥታባት ይበልጥ ጎልታ ትታያለች። ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያልፉ ጸለይኩ።

"አንድ ጊዜ አቁሙኝ እስቲ" አሉ።

አቆምናቸው። ቀና ብለው ጉብታዋን አዩ። በመስቀል ዋሽተኸኛል እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ መልሱኝ፣ አልቆርብም ይላሉ ብዬ ፈራሁ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ በቀስታ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"አቤት ጋሼ።"

"ደርቋል እኮ።"

"ምኑ?"

"አፈሩ። ዛሬ ብትሠሩ ምንም አይላችሁም ነበር።"

እርር ድብን አልኩ። ቃሬዛውን እዚያው ጥዬ ወደ ጀማ ቁልቁል ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ላቀው ግን ተመልሰው ጋደም አሉ፤ በቃኝ ሂዱ በሚል እጃቸውን አወዛወዙ።

"ምን አሉ?" አለኝ ታደለ ከኋላ። ከሐሙስ ወዲህ ያናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነበር።

"ምንም አላሉም፤ ቅዳሴው እንዳያልፋቸው፣ አንሣ" አልኩትና ተሸክመናቸው ሄድን።